አስራ አንድ ቃል በአንድ ትንፋሽ

አባቴ ዛሬ ጠዋት ሰደበኝ። እግዜር ይስጠው። ስድቡ ረዥም ነበር፣ መሀሉ ላይ አልተቆረጠም፣ እናቴም በጣቶቿ ቆጥራዋለች። ምን ብሎ እንደሰደበኝ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ብነግራችሁ ይሄ ደግሞ ምኑ ያስደስታል ብላችሁ ትታዘቡኛላችሁ።

አባቴ በያጅ ነው። ነበር ማለት አልወድም፤ ብረት ከያዘ ሦስት ዓመት ቢያልፈውም የሰው በር ባየ ቁጥር ማጠፊያውን ሳይነቅፍ አያልፍም። ደንበኞቹ ጋሼ ላሜራ ይሉታል። አርባ ዓመት ሙሉ ጣራው ዝቅ ባለ፣ መስኮት በሌለው ወርክሾፕ ውስጥ የብየዳ ጭስ ሲስብ ኖረ። ጭሱ ያነሰው ይመስል ሲጋራ ይጨምርበት ነበር። ሳንባው ይህን ሁሉ ችሎ ችሎ በመጨረሻ እጅ ሰጠ። ሙያውንም ወርክሾፑንም የወረስኩት እኔ ልጁ ነኝ። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ግድግዳውን አፍርሼ መስኮት ማውጣት ነበር። ቁጣውንም ሳልወርስ አልቀረሁም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠራኝ ባሩድ እያለ ነው።

የሕመሙን ነገር የምለካው በስድቡ ነበር። ጤነኛ ሳለ አንዴ ከጀመረ ከእኔ ተነስቶ፣ በእናቴ ወገን አልፎ፣ እኔን ያስተማረኝን ትምህርት ቤት አዳርሶ ይመለሳል። ሲታመም ስድቡ እያጠረ መጣ። ሆስፒታል በገባበት ሳምንት «አንቺ» ይልና ያቆማል፤ ትከሻው ወደ ላይ ይሳባል፣ የአንገቱ ጅማት ይገተራል፣ ከዚያ «ባለጌ» ይላል። ለሁለት ቃል ሁለት ትንፋሽ። ያን ጊዜ ባለጌ መባሌ ሳይሆን መሀል ላይ ያለው ዝምታ ነበር ሆዴን የሚያባባው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ኦክስጅን እቤቱ እንዲሰጠው ታዘዘለት። ሲሊንደሩን አስጭና የመጣችው ቤት ለቤት እየዞረች በሽተኛ የምታይ ነርስ ናት፤ እኛ ሲስተር ነው የምንላት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የማትቸኩል ልጅ ናት። ሲሊንደሩን አልጋው አጠገብ አቆመችና ማስረዳት ጀመረች።

«ይሄ ቁልፍ የሚወጣውን መጠን ይወስናል። በመስታወቱ ቱቦ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኳስ ደግሞ…»

«ሲስተር፣ ለቀባሪ አረዱት ይሉሻል ይሄ ነው» አልኳት። «እኔ የብየዳ ኦክስጅን መያዝ የቻልኩት ማንኪያ መያዝ ሳልችል ነው። ዘይት በነካው እጅ አይነካም። አጠገቡ እሳት አይለኮስም። ሲሊንደሩ በሰንሰለት ይታሰራል እንጂ እንዲሁ አይቆምም። ሌላ አለ?»

ሳቀች። «ሌላ አለ። አንድ ሊትር። ከዚያ በላይ እኔ ሳላውቅ አይጨመርም። ይሄ ጣት ላይ የሚሰካው የደም ኦክስጅን መለኪያ ከሰማንያ ስምንት እስከ ዘጠና ሁለት ካነበበ ለአባባ በቂ ነው።»

በወረቀትም ጽፋ ሰጠችኝ። ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ለምን አንድ ሊትር ብቻ እንደሆነ ልትነግረኝ ስትል ወርክሾፕ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው ብያት ወጣሁ። ደንበኛ አልነበረም።

ሦስት ሳምንት ደህና አለፈ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ጠዋት አባዬ ገላውን ታጥቦ ሲመለስ ትንፋሹ አልሰበሰብ አለው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ከንፈሩን አሹሎ ሲተነፍስ ቆየ። ፎጣው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። መለኪያውን ጣቱ ላይ ሰካሁለት፤ ሰማንያ ዘጠኝ። ከዚያ የራሴን ጣት ሰካሁ፤ ዘጠና ስምንት። ደሜ ፈላ። አንድ ሲሊንደር ሙሉ ኦክስጅን አጠገቡ ቆሞ ለአባቴ በጠብታ ይሰፈርለታል? መሳቢያው ውስጥ ያለው ወረቀት ሰማንያ ዘጠኝ ጥሩ ነው እንደሚል ትዝ አላለኝም። ቁልፉን ያዝኩና ኳሷን ከአንድ ወደ አራት አወጣኋት።

አባዬ ፊቱን ጨፍገግ አደረገ። «ያፏጫል» አለኝ።

«ትለምደዋለህ» አልኩት። አፍንጫው ሥር ያለው የቱቦው ድምፅ የረበሸው መስሎኝ ነበር።

ሩብ ሰዓት አልቆየም፤ መለኪያው ዘጠና ስምንት አለ። የአባዬ ትከሻ ወረደ፣ ጉንጩ ቀላ፣ ዘወትር የሚቀዘቅዘው እጁ ሞቀ። ወዲያው ዓይኑን ከደነ። እናቴን ጠርቼ መለኪያውን አሳየኋት። «እይ፣ ከእኔ እኩል ሆነ» አልኳት። ሐኪሞቹ ሁሉ ተሰብስበው ያልሠሩትን እኔ በአንድ የቁልፍ ዙር ሠርቼዋለሁ ብዬ ደረቴ ተነፋ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ከእኔ የበለጠ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

እናቴ መለኪያውን አላየችም። እሱን ነበር የምታየው።

«ይሄ የሱ እንቅልፍ አይደለም» አለች።

«የማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«አላንኮራፋም።»

«ተመስገን ማለት ሲገባሽ» አልኳትና ወደ ወርክሾፕ ሄድኩ።

ወርክሾፑ ከግቢው ጀርባ ነው። እናቴ ብልጭታውን ስለምትፈራ በዚያ በር ገብታ አታውቅም፤ ምሳ እንኳ ከሆነ ደጅ ቆማ ነው የምትጣራው። የዚያን ቀን ግን አንድ የግቢ በር ሞርሳ ላይ አስሬ ስሞርድ ቀና ብል ከፊቴ ቆማለች። የወጥ ቤቱን የግድግዳ ሰዓት ነቅላ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ስምንት» አለችኝ።

«ምኑ ስምንት?»

«ትንፋሹ። በደቂቃ ስምንት ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ጠዋት ሃያ አራት ነበር።»

«ጠዋት ደግሞ ማን ቆጠረው?»

«እኔ ነኛ። ከታመመ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እቆጥራለሁ። ትስቁብኛላችሁ ብዬ አልተናገርኩም እንጂ።»

«እማዬ፣ ያረፈ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው። ዘጠና ስምንት ነው፣ በዓይንሽ አይተሻል።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

«አርባ ሁለት ዓመት አጠገቡ ተኝቻለሁ» አለችኝ። «ያንቺ ዕቃ የሚያውቀው ሦስት ሳምንት ነው። በይ እንኪ፣ ሲስተር መስመር ላይ ናት።» ከሽርጧ ኪስ ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ።

«ኳሷ ስንት ላይ ናት?» አለችኝ ሲስተር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ልዋሻት ፈልጌ ነበር። ሮጬ ገብቼ ቁልፉን መልሼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አንድ ላይ ናት ማለት ይቻለኝ ነበር። እናቴ ሰዓቱን እንዳቀፈች ታየኛለች።

«አራት» አልኩ።

ሲስተር አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እሺ፣ አሁኑኑ ወደ አባባ ሂጂ። ስልኩን እንዳትዘጊ» አለችኝ።

ሮጥኩ። አባዬ እንደተውኩት ነው። ከንፈሩ አልጠቆረም፣ ፊቱ አልገረጣም፤ ግንባሩ ላይ ላብ ከማቸፉ በቀር ደህና የተኛ ሰው ይመስላል። «አባዬ» አልኩት። ትከሻውን ይዤ ነቀነቅሁት። የዓይኑ ቆብ ትንሽ ተከፍቶ ተመልሶ ወረደ። አንድ ትንፋሽ ወጣ። ሌላው እስኪመጣ ስጠብቅ ወሽመጤ ተቆረጠ።

«ልዝጋው? ሲስተር፣ ልዝጋው?»

«ጨርሰሽ እንዳትዘጊ፣ እሱም ይጎዳቸዋል። ወደ አንድ መልሺው። በትራስ ደግፋችሁ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። አምቡላንስ ጠርቻለሁ፣ እኔም መንገድ ላይ ነኝ። እስክንደርስ አታስተኟቸው። አናግሪያቸው፣ ተንፍሱ በያቸው።»

ቁልፉን ኳሷ አንድ ላይ እስክትቆም መለስኩት። ከእናቴ ጋር ተጋግዘን ከትራሱ ጋር አስደገፍነው። «አባዬ ተንፍስ» እላለሁ፤ አይሰማኝም። «ተንፍስ እንጂ» እላለሁ፤ ምንም።

«እንደሱ አይደለም» አለች እናቴ። «የሚያናድደውን ንገሪው።»

ጆሮው ሥር ተጠጋሁ። «አባዬ፣ የዚያን የግቢ በር ማጠፊያ በሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያጣበቅሁት» አልኩት። ቅንድቡ ተንቀሳቀሰች። «ላሜራውንም ቀጭን ነው ያደረግሁት። ቀለም የቀባሁት ዝገቱን ሳልፍቅ ነው።»

«ዝገቱን…» አለ።

«አዎ፣ ሳልፍቅ። የብየዳውንም ጭቃ አልጠረግሁም።» በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም። «ተንፍስና ስደበኝ።»

ደረቱ ከፍ አለ። ስድብ አልወጣውም፤ ትንፋሹ ግን ገባና ወጣ። እናቴ ሰዓቱን አልጋው ላይ አስቀምጣ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። ዘጠኝ። አስር። እኔ ዝገት ያልተፋቀባቸውን በሮች፣ የተንጋደዱ ደረጃዎች፣ የሚያፈሱ ታንከሮችን እየደረደርኩ ቀጠልኩ። አምቡላንሱ በር ላይ ሲደርስ በደቂቃ አስራ ሁለት ደርሰን ነበር፤ እኔም ለአንድ ከተማ ሙሉ የሚበቃ ብልሹ ሥራ ሠርቼ ጨርሼ ነበር።

ሆስፒታል እንደደረሰ አፍና አፍንጫውን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ጭንብል አጠለቁለት። ጭንብሉ ከአንድ ማሽን ጋር የተያያዘ ነው፤ ሲስብ አየር ይገፋለታል፣ ሲያስወጣ ይለቅለታል። ከእጅ አንጓው ደም ቀዱ። እኛን ወደ ኮሪደር አስወጡን። እናቴ አግዳሚው ላይ ሰዓቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ከቤት ስንወጣ ሳታስበው ይዛው መጥታ ነበር። አላፊ አግዳሚው እያየን ያልፋል፤ ሰዓት ልናሳክም የመጣን ሳይመስላቸው አልቀረም።

እኔ ግን ሳቅ አልታየኝም። አባቴን በገዛ እጄ አንድ ሐሙስ የቀረው ሰው አድርጌዋለሁ፤ ያውም በሐሙስ ቀን። ሲስተር መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ። እሷ ግን ከኪሷ የጣት መለኪያ አውጥታ ጣቴ ላይ ሰካችልኝ።

«ትንፋሽሽን ያዢ» አለችኝ።

«ምን?»

«ያዢው። እስከቻልሽው ድረስ።»

ያዝኩ። እልኸኛ ነኝና ከእናቴ ሰዓት ጋር ፉክክር ገባሁ። ሠላሳ ሰከንድ፣ አርባ። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይገፋኝ ጀመር። ሃምሳ ላይ ሆዴ በራሱ ይዘል ጀመር፤ እምቢ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ሳልፈቅድ አፌ ተከፈተና አየሩን ጎተትኩት።

«መለኪያው ስንት ይላል?»

አየሁ። ዘጠና ሰባት።

«አየሽ? ኦክስጅን አልጎደለሽም» አለችኝ። «ታዲያ ማን አስገደደሽ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላቋርጣት አዳመጥኳት።

«ሰውነትሽ ምግብ ሲያቃጥል የሚተርፍ የተቃጠለ አየር አለ። ጭስ በይው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ትንፋሽ ሲያዝ እሱ ደም ውስጥ ይጠራቀምና ደሙን ትንሽ ኮምጠጥ ያደርገዋል። ከማጅራትሽ ከፍ ብሎ፣ አንጎል ከአከርካሪ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ፣ ያንን የሚቀምሱ ሕዋሳት አሉ። ሲኮመጥጥባቸው ከሳንባ በታች ያለውን ዲያፍራም የሚባል ጡንቻ ተኮማተር ይሉታል። ዲያፍራሙ ወደ ታች ይወርዳል፣ የጎድን አጥንቶችሽ ይከፈታሉ፣ አየር ይገባል። ብትተኚም፣ ብትረሺም፣ ብትቃወሚም አይጠይቁሽም።»

«የአባዬስ?»

«የአባባ ሳንባ ጭሱን በደንብ ማስወጣት ካቃተው ዓመታት ሆኖታል። ሕዋሳቱ ኮምጣጣውን ለምደውታል። ስለዚህ እሳቸውን በከፊል የሚያስተነፍሳቸው ሌላ ነገር ነው፤ አንገታቸው ላይ ባሉት ትልልቅ የደም ሥሮች አጠገብ፣ ኦክስጅን ሲያንስ የሚቀሰቅሱ ትንንሽ መቆጣጠሪያዎች። ዘጠና ስምንት ስታደርጊው እነሱ ሥራ ፈቱ። ደግሞ ይሄ ብቻ አይደለም፤ ኦክስጅን ሲበዛ ደሙ ራሱ በደንብ አየር ወደማይገባበት፣ ወደተጎዳው የሳንባ ክፍል ይሄዳል። እዚያ ጭሱን ማራገፍ አይችልም። ይጠራቀማል። ሲበዛ ደግሞ ያደነዝዛል፤ እንቅልፍ ነው የሚመስለው።»

«መለኪያው ግን…»

«መለኪያው ኦክስጅኑን ብቻ ነው የሚያየው። ጭሱን አያይም። እማማ ቆጥረው ባይደውሉ ኖሮ ማንም አያይም ነበር።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ሰዓቱን አገላብጣ ጀርባውን አየች፣ ከዚያ መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሐኪም ብቅ አለ። «ደሙን ደግመን አይተነዋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየወረደ ነው። ነቅተዋል። ጭንብሉ አልተመቸኝም ብለው ነርሶቹን እየተቆጡ ነው» አለን። ነፍሴ መለስ አለች። እፎይ ለማለት አፌን ከፍቼ ለቅሶ ወጣኝ፤ ኮሪደሩ መሀል፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቅሁ አለቀስኩ። እናቴ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች «በይ ተንፍሺ፣ ተንፍሺ» አለችኝ።

ስገባ አባዬ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ከመጠየቁ በፊት ነገርኩት። «እኔ ነኝ የጨመርኩት አባዬ። ወደ አራት። ልገድልህ ነበር።»

ጭንብሉን በጣቱ ገለጥ አደረገ። «ያፏጫል…» አለና ትንፋሹን ሰበሰበ። «አላልኩሽም?»

ያኔ ነው የገባኝ። አስራ ሦስት ዓመቴ ላይ የብየዳ እሳት ማስተካከል ሲያስተምረኝ ዓይኔን በጨርቅ አስሮኝ ነበር። በጆሮሽ ስሚው ይለኛል። ኦክስጅን የበዛበት እሳት ያፏጫል፤ ሹል ይሆናል፣ ያማረ ይመስላል፣ ግን ብረቱን ያቃጥለዋል። ልኩ ላይ ሲሆን ድምፁ ይለሰልሳል፤ እዚያ ላይ ተዪው። ይህን ትምህርት ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሠርቼበታለሁ። አባቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ በገዛ ቋንቋችን ሲነግረኝ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

«ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

ጭንብሉን መለሰና ዓይኑን ጨፈነ። ደነገጥኩ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ስትሰማው ፊቷ በራ። «ይሄ የሱ ነው» አለች።

በአምስተኛው ቀን ቤት ገባ። ሲስተር እንደገና መጥታ ከመጀመሪያው አስረዳችኝ፤ እኔም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ከግድግዳ ሰዓቱ ሥር ለጠፍኩት። ሰዓቱ አሁን የሚሰቀለው ወጥ ቤት ሳይሆን አባዬ ክፍል ነው።

ራሴን ግን አላመንኩትም። እጄ አባቴ ሲጨነቅ ባየ ቁጥር ወደ ቁልፉ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ወርክሾፕ ገብቼ ከላሜራ ትንሽ ሳጥን ሠራሁ፤ በቁልፉ ላይ የሚገጠም፣ ኳሷን የምታሳይ መስኮት ያላት፣ በጓጉንቸር የምትዘጋ። ሲስተር አየቻትና ሳቀች፤ መክፈቻው ከቤት እስካልወጣ ድረስ ትችላላችሁ አለች። መክፈቻው እናቴ አንገት ላይ ነው። እኔ ብለምናትም አትሰጠኝም፤ ሞክሬያታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሳጥኗን ገጥሜ ለአባዬ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ። ጎንበስ ብሎ ጠርዟን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። እናቴ አልጋው ግርጌ ተቀምጣለች። ከዚያ ቀና አለ፣ በአፍንጫው አየር ሳበ፣ እንዲህም አለኝ፦

«አንቺ ልጅ ሃያ ዓመት አስተምሬሽ ይሄን ጠማማ መስመር ብየዳ ብለሽ ታሳዪኛለሽ?»

እናቴ ጣቶቿን አነሳች። አስሩም አለቁባትና አንዷን ደገመች።

መስመሩ እውነትም ጠማማ ነው። ሞርጄ ላስተካክለው ስነሳ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ነገም አይቶት ይሰድበኛል።